ስለ ፎቶሾፕ ፕለጊን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጥር ሠርግ ሲደራረብ በደሴ ፎቶ ቤቶች ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር አንዲት ፍላሽ አትጠፋም። ላይዋ ላይ «ፕለጊን በሙሉ» ተብሎ ተጽፎባታል። ፕለጊን ዋናው ፕሮግራም፣ እዚህ ላይ የፎቶ ማስተካከያው ፎቶሾፕ፣ የሌለውን ችሎታ የሚጨምርለት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ወይም በጨለማ የተነሣ ፎቶ ላይ የሚታየውን ብናኝ ነጠብጣብ ያጠፋል። በዚህች ፍላሽ ዙሪያ ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ፕለጊን ነው።» አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ብሩሽ፣ አክሽንና ፕሪሴትም ተቀላቅሎበታል። ብሩሽ የመቀቢያ ቅርጽ ነው፤ አክሽን ፎቶሾፕ ራሱ የሚያውቃቸውን ትእዛዞች በተርታ ይዞ የሚደግም ነው፤ ፕሪሴት ደግሞ የብርሃንና የቀለም ልክ የተመዘገበበት ነው። እነዚህን የፕለጊን ፎልደር ውስጥ ከትቶ «ፊልተር» ሜኑ ላይ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው።

«ፎልደሩን ኮፒ ካደረጉት ተጫነ ማለት ነው።» ወሬው መነሻ አለው። የቆዩት ፊልተሮች ፋይላቸው ፎቶሾፕ በተጫነበት ቦታ ካለው የፕለጊን ፎልደር ሲገባና ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ሜኑው ግርጌ ብቅ ይላሉ። ሌሎቹ ግን የራሳቸው መጫኛ አላቸው፤ ፈቃዳቸውን የሚመዘግቡት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከጓደኛ ማሽን የተገለበጠው አይሠራም። አዳዲሶቹ ፓነሎች፣ ማለትም በፎቶሾፕ ውስጥ በራሳቸው መስኮት የሚከፈቱት ፕለጊኖች፣ ደግሞ የፎቶሾፕ ሠሪ አዶቤ ፕሮግራሞቹን በሚያስተዳድርበት በክሪኤቲቭ ክላውድ በኩል ነው የሚገቡት። በዚያ ላይ ለ32 ቢት (ለቆየው የኮምፒውተር አሠራር) የተሠራ ፕለጊን 64 ቢት (በአዲሱ አሠራር የተሠራ) ፎቶሾፕ ላይ ከቶ አይነሣም፤ ከ2019ኙ እትም ወዲህ ደግሞ አዶቤ 32 ቢት ዊንዶውስን ትቶታል። በአንዳንድ ፎቶ ቤቶች የሚዞሩት ፋይሎች ከዚያ በፊት የተሰበሰቡ ናቸው። ብልሽቱ የኮምፒውተሩ ነው ብሎ ጥገና ቤት የሚወስድ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

«ፎቶሾፕን ሳዘምነው ፕለጊኖቼን አጠፋብኝ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። እያንዳንዱ ዓመታዊ እትም የራሱን ፎልደር ይዞ ስለሚመጣ አሮጌው ውስጥ የነበረው አይከተለውም። መጫኛውን እንደገና ከፍቶ አዲሱን እትም መምረጥ ነው።

«ቆዳ የሚያለሰልስ ፕለጊን የሚነካው ቆዳን ብቻ ነው።» ወሎ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህኛው ከሁሉም ይብሳል። ፕለጊኑ ፊትን እንደ እኛ አያውቅም፤ በብዛት የሚያድነው የቆዳ የሚመስል የቀለም ክልልን ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ቀላ ያለ ስለሆነ ቤተ ጊዮርጊስ ፊት የቆመች ሙሽራ ስትለሰልስ ግድግዳውም አብሮ ይለሰልሳል፤ የጠራቢው የመሮ ምልክት ጠፍቶ ድንጋዩ የፕላስቲክ ገጽ ይይዛል። የእናቶች የአንገት ንቅሳትም እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለውን ፎቶ «ጸድቷል» ብሎ ማስረከብ ለእኔ ሥራ አይደለም። ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንብርብር) አባዝቶ በላዩ ላይ መሥራት፣ ከዚያም በማስክ፣ ማለትም የንብርብሩን ከፊል በሚሸፍነው መሣሪያ፣ ድንጋዩንና ንቅሳቱን መመለስ ያስፈልጋል። ሌየሩን መጀመሪያ ስማርት ኦብጀክት (ዋናው ምስል ሳይነካ የሚቀመጥበት ንብርብር) ያደረገ ሰው ደግሞ ፕለጊኑ የሚፈቅድ ከሆነ ነገም ተመልሶ ልኩን ሊያስተካክል ይችላል።

«ፎቶሾፕ በራሱ ከተዘጋ ነቅሎ እንደገና መጫን ነው።» መጀመሪያ ፕለጊኖቹን መጠርጠር ይቀድማል። ፎቶሾፕ ሲከፈት «ሺፍት» ቁልፍን ተጭኖ መያዝ የውጭ ፕለጊኖች ይታለፉ እንደሆነ ያስጠይቃል። ይታለፉ ብለው ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከእነሱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፋይሉን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ስሙ መጀመሪያ ላይ «~» ምልክት ከተጨመረበት ፎቶሾፕ አያነሣውም።

«ክራክ የተደረገውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው ብቻ ነው።» ክራኩ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረው ፕለጊን፣ ከመጫኑ በፊት አንቲቫይረስ ይዘጋ ብሎ ሲጠይቅ፣ በሩን ክፈትልኝ ያለው ማን እንደሆነ ያልታወቀ እንግዳ ነው። ያልተረከቡ የሠርግ ፎቶዎች ያሉበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

«ኒክ ኮሌክሽን ነጻ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ የፎቶ ፕለጊኖች ስብስብ ነጻ ነበር፤ ጉግል በ2016 ያለ ክፍያ ለቀቀው፣ በ2017 ግን ዲኤክስኦ የተባለ ኩባንያ ገዛው፤ አዲሶቹ እትሞቹ ይሸጣሉ። ገንዘብ ለሌለው ሰው የፎቶ ማስተካከያው ጂምፕና ከ500 በላይ ፊልተሮች ያሉት ፕለጊኑ ጂሚክ ሁለቱም በሕጋዊ መንገድ ነጻ ናቸው። በ2025 የወጣው ጂምፕ 3.0 ግን ለቀድሞው እትም 2.10 የተጻፉ ፕለጊኖችን እንዳሉ አይቀበልም፤ ለእሱ የተዘጋጀውን እትም ማውረድ ያስፈልጋል።