ቦርጭና ወሬው፦ ጅማ ላይ የምንሰማው እና እውነታው

ባለፈው ዓመት ለበዓል ሱሪ ላሰፋ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ አልኩ። ሰውዬው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠመና ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጻፈ። 103። ቀና ብሎ አየኝና «ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል!» አለኝ። ምርቃት መሆኑ ነው። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ቀበቶዬን በሚስማር በስቼ አዲስ ቀዳዳ ያወጣሁለት ሰው ነኝ።

ችግሬን አንዴ ካወራሁ በኋላ መካሪው በዛ። አንዱ ሎሚ በሙቅ ውኃ ጠጣ ይላል፣ ሌላው ፌስታል ታጠቅ። ገሚሱን ሞክሬዋለሁ።

«ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው»

የሆድ ስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጥጠህ የምትይዘው ነው። ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ጉበትንና አንጀትን የሚከብበው ነው። ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ በር የሚከፍተው በተለይ ይህ የማይታየው ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው «እኔ እኮ አልወፈርኩም» ቢል አይገርምም፤ ሚዛኑም ይደግፈዋል። ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ የሰፊ ሜትር ይሻላል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ላይ፣ ትንፋሽ አውጥቶ፣ ሆድን ሳይስቡ መለካት ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን የሚጠቀምበት ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የኔን አስቡት።

«ማታ ማታ መቶ ሲት አፕ ሥራ፣ ይጠፋል»

ሠራሁ። ሁለት ወር ሙሉ። አንገቴ ታመመ፤ ሆዴ ግን ባለበት ነው።

ሲት አፕ ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጡንቻው ግን ከስቡ ሥር ነው። ሰውነት ስብ ሲያስፈልገው ከየቦታው እየፈታ በደም ይልከዋል እንጂ የሚሠራው ጡንቻ ጎረቤት ስለሆነ ብቻ ከዚያ አይወስድም። የባንክ ሒሳብ በለው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወጣ ግን አንተ አትወስንም። ብዙ ወንዶች ላይ ሆድ ላይ ያለው መጨረሻ ይሄዳል። ሴቶች ላይ ደግሞ ዳሌና ከእምብርት በታች ያለው ነው፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ስቡ ወደ ሆድ ማዘንበሉም የተለመደ ነው። «እምቢ አለኝ» የሚባለው ይሄው የሚቆነጠጠው ስብ ነው። ደግነቱ አደገኛው፣ የውስጡ ስብ፣ ቶሎ እሺ ይላል፤ መስታወት ላይ ለውጥ ሳይታይ እሱ መቀነስ ይጀምራል።

«ላብ ካወጣህ ስቡ ቀለጠ ማለት ነው»

ፌስታሉም፣ ላስቲክ ቀበቶውም የሚያወጡት ውኃ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥተህ ትመልሰዋለህ። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው በትንፋሽ ነው የሚወጣው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ። የሎሚውም ነገር ያው ነው። ሎሚ የሚያቀልጠው ስብ የለም፤ ውኃው ግን አይጎዳም።

«ጥፋቱ የእንጀራ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ለሦስት ሳምንት እንጀራ አቁሜ ነበር። በምትኩ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ። ምን ቀነስኩ? ምንም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሽሮ ስትሠራ ቆሜ አየሁ። ዘይቱን ከጀሪካኑ በዓይኗ ገምታ ልትጨምር ስትል «እስቲ በማንኪያ ልለካው» አልኳት። «አሁን ደግሞ ወጥ ቤት ገባህ?» ብላ ሳቀችና ፈቀደች። ሰባት የሾርባ ማንኪያ ሆነ። አንዱ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ሰባቱ 840። አራት ነን፤ እንጀራው ሳይቆጠር ለያንዳንዳችን 210 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ደረሰን ማለት ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ እንደሆነ ያን ቀን አሰላሁት። ጨጨብሳ በቅቤ የለመደ ቤት ደግሞ ቅቤውንም ይቁጠር።

አሁን ሽሮው በሦስት ማንኪያ ይሠራል። ሽንኩርቱ በውኃ በደንብ ይበስልና ዘይቱ ኋላ ይገባል። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁም። እንጀራውም ተመልሷል፣ ግን አንድ ነው፣ ጭማሪ የለም፤ ጎመኑና ምስሩ በዝቷል። ጤፍ አሰር አለው፣ ያጠግባል። እንጀራ ወንጀለኛ የሚሆነው ሦስተኛው ሲዘረጋ ነው።

«ማር ስኳር አይደለም፣ አቮካዶ ደግሞ ጤና ነው»

የጅማ ሰው በማሩ አይታማም፣ እኔም አልክድም። ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው፤ ሆዳችን ከስኳር አይለየውም። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሰላጣ ላይ ግማሹን ብትበላ ማን ይናገርሃል? ጁስ ቤት ስኳር ተጨምሮበት፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ፈሶበት በትልቅ ብርጭቆ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው።

ቡናስ? ያለ ስኳር ከሆነ ካሎሪው ከምንም አይቆጠርም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከያዘ ግን አንዴ ቁጭ ብለን እስክንነሳ ወደ 100 ካሎሪ ነው፣ የቡና ቁርሱ ሳይጨመር። ቡና በተገኘበት አገር ስኳር ጠጥተን መሞት ያሳፍራል። (ይህን ስል እናቴ ትቆጣለች።)

«ጫት ያከሳል»

የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልክ ነው። ግን በርጫው ላይ ስንት ሰዓት ነው የምንቀመጠው? ከጎኑ ለስላሳና ኦቾሎኒ አለ። ማታ ጨብሲ ሲመጣ አንዱ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ ነው፣ በአንድ ጠርሙስ የሚያቆም ደግሞ ብዙ አላየሁም። ከዚያ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ረሃቡ ይብሳል፣ ያውም ወደ ጣፋጭና ቅባት።

«ጾም ስለሆነ እከሳለሁ»

በዘይት የራሰ የጾም ወጥም አለ፣ በሳምቡሳ የሚፈታ ረመዳንም አለ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለወገብ የሚጠቅመው ሲፈቱ በሚበላው ልክ ነው።

«ጂም ካልገባሁ አይሆንም»

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከዚህ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር፤ ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ቤት ውስጥ ይሠራል። ይህ የሚዘለል አይደለም፣ ሰው ሲከሳ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይቀንሳልና። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮና እንቁላል እዚህ ላይ ይረዳሉ።

እኔ እሁድ እሁድ በእግሬ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወጣለሁ። ዳገቱ ያስለከልካል። በሥራ ቀን ደግሞ ባጃጁን ግማሽ መንገድ ላይ እወርዳለሁ። ዝናቡ? ጅማ ዝናብ እስኪያቆም የጠበቀ ሰው ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚያልፈው። ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ።

ግን አንድ ነገር እወቁ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢሄድ የሚያቃጥለው ወደ 280 ካሎሪ ነው። ሲመለስ አንድ ለስላሳና ሁለት ብስኩት ከወሰደ አልቆለታል። ክብደት በዋናነት የሚቀንሰው ገበታው ላይ ነው፤ እንቅስቃሴው የቀነሰውን ይጠብቃል፣ የውስጡን ስብ ያሳድዳል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ጤነኛ ፍጥነት ነው። «በአሥር ቀን ቦርጭ ማጥፊያ» የሚል ሻይ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚያጠፋው ብራችሁን ነው። የኔ ሜትር በስድስት ወር 97 ደርሷል። ገና ነኝ።

«የወጣ ሆድ ሁሉ ስብ ነው»

አይደለም። ከወለዱ በኋላ የሆድ ጡንቻ መሃል ለመሃል ተከፍቶ የሚቆይባቸው እናቶች አሉ፤ እነሱን ሲት አፕ ሥሪ ብሎ ማስጨነቅ ሊያብስባቸው ይችላል፣ መጀመሪያ ባለሙያ ይያቸው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሆድ ከተነፋ፣ እግር ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሆድ እየወጣ ፊትና ክንድ ከከሳ ደግሞ ነገሩ የምግብ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ሆዳቸው ሲገፋ «ተመችቶዎታል» ሲባሉ ከረሙ። ኋላ ሲመረመሩ ውኃ ነበር፣ ከጉበት የመጣ።