የድንጋይ የመለስለስ መጠን ምንድን ነው?

የመለስለስ መጠን ማለት አንድ የግንባታ ድንጋይ ውኃ ጠግቦ ሳለ የሚችለው ጫና በደረቁ ለሚችለው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ለዚህም ከአንድ ቋጥኝ የተቆረጡ ናሙናዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይደርቃሉ፤ የቀሩት ክብደታቸው መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያም ሁሉም በመጭመቂያ ማሽን እስኪሰበሩ ይጫናሉ። ደረቁ በ20፣ እርጥቡ በ12 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ) ቢሰበር መጠኑ 0.6 ይሆናል። በብዙ የምህንድስና አሠራር ከ0.75 በታች የሆነ ድንጋይ በውኃ እንደሚለሰልስ ይቆጠራል።

ይህን መጠን በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ባለው የግንባታ ድንጋይ ላይ እንየው፤ በዚያ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይም ስለሚገኝ የምናገረው ከእሳተ ገሞራ ስለ ተገኘው ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ያልበሰበሰ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር ድንጋይ፣ ማዕድናቱ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለ ረጉ በውኃ የሚያጣው ጥንካሬ አነስተኛ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጠቀጠቀው ቱፍ ግን በጥቃቅንና በተያያዙ ቀዳዳዎች የተሞላ ነውና ውኃን እስከ ውስጡ ይስባል፤ አንዳንዱም ግማሽ ጥንካሬውን ያጣል። ውኃው በስንጥቆች ጫፍ ላይ የድንጋዩን ማዕድናት አጥብቆ የያዘውን የሲሊኮንና የኦክስጅን ትስስር ስለሚያላላ ስንጥቁ በአነስተኛ ጫና ይረዝማል፤ አመዱ በዘመን ብዛት ወደ ሸክላ ማዕድን ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ሸክላው እያበጠ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። በዓይን የሚታይ ትልቅ ቀዳዳ ግን አሳሳች ነው፤ ቀዳዳዎቹ ካልተገናኙ ብዙ ውኃ አይገባባቸውም።

ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ድንጋይም አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይታያል። ይሁን እንጂ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ውኃ በከተማዋ መካከል የሚያልፈውን ደረቁን የደቻቱን ወንዝ በአንድ ሌሊት ይሞላዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ በወንዙ ዳር መሠረት የሚያወጣ ሰው ደረቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ድንጋይ መምረጡ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሠረቱ ክረምት የሚያሳልፈው ጠግቦ ነውና። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ በእርጥቡም እንዲፈተን በጽሑፍ መታዘዝ አለበት። ጥቁሩ ድንጋይ ከመሬት በታችና እርጥበት በሚስብበት የግድግዳ እግር፣ ቱፉ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ለማገድ በግድግዳው ውስጥ ከሚነጠፈው መከላከያ ንብርብር በላይ ቢውል ሁለቱም በየቦታቸው ያገለግላሉ።