ዝማሜና ወረብ በጅማ

በጅማ ለገብርኤል ሐምሌ 19 የሚመታው ከበሮና ለጥምቀት ጥር 11 የሚመታው ከበሮ ዕቃው አንድ ቢሆንም ድምፁ አንድ አይደለም። ክረምቱ ሲበረታ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላና ያስገመግም የነበረው ሰፊው አፍ የቡና ጆንያ የመቱ ያህል ይታፈናል። ስለዚህ ለገብርኤል ማሕሌት (የቤተ ክርስቲያኑ የዝማሬ አገልግሎት) ከመቆሙ በፊት፣ ቀን ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ሰዓት ከበሮውን ያሰጡታል። ፀሐይ ከጠፋችም ከፍም ራቅ አድርገው ቀስ እያሉ ያሞቁታል። ቸኩሎ እሳት ያስጠጋው ሰው ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም፣ አዲስ ቆዳ በእርጥቡ ተወጥሮ በጠፍር እንደገና ይታሰራል። አካሉ ከግንድ የሚፈለፈል ነው። ዋንዛ ይመረጣል፤ የጅማን በርጩማ የሚጠርቡበትም ይኸው እንጨት ነው።

የማሕሌቱ ሥርዓት በትውፊት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማዊ ከቅዱስ ያሬድ ይቆጠራል። ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ ይመራሉ። መጀመሪያ ያለ ከበሮ ቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው (ሊቃውንቱ የሚይዙት ረጅም ዘንግ) ከዜማው ጋር ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይላል፣ እግር ግን ከቦታው ብዙም አይርቅም። ከዚያ መረግድ ይመጣል። ከበሮው መሬት ተቀምጦ በእርጋታ ይጀመራል፣ ኋላ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጽፋት ላይ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይገባል። በመጨረሻም በከበሮና በጭብጨባ በሚታጀበው ዝማሬ፣ በወረብ፣ ይደምቃል።

የምልክቱ ትርጓሜ ከመምህር መምህር በዝርዝር ቢለያይም ዋናው መስመር የታወቀ ነው። የከበሮው ሰፊ አፍ መለኮትን፣ ጠባቡ ትስብእትን (ሰውነቱን) ያመለክታል፤ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ ማንገቻው ጌታ የታሰረበት ገመድ ነው። በእጅ እየተነቀነቀ የሚያቃጭለው የጸናጽሉ ሁለት ዘንጎች ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ይባላሉ፣ ጋድሞቹ የያዕቆብ መሰላል፣ አምስት ቅጠል (የሚያቃጭለው ብረት) ካለው ደግሞ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር። የመቋሚያው መዝመም ጌታ ወደ ቀራንዮ ሲያዳፉት መውደቅ መነሣቱ ነው። ዝማሜን ማጣደፍ የማያምረውም ለዚህ ነው፤ የሚታየው መከራ እንጂ ጭፈራ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሸጋገሪያው ላይ ነው። ወጣት ከበሮ መቺ ሕዝቡ እልል ሲልለት ከመረግድ ዘሎ ጽፋት ይገባል፤ መቋሚያ የያዙት መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጸናጽልም ያለማቋረጥ መንቀጥቀጥ የለበትም፣ ምቱን ይዞ ማረፍ አለበት። ሌላው ችግር የአቋቋም (የዝማሜው ስልት) ትምህርት ቤት ልዩነት ነው። የጎንደር ላይ ቤት የተማረና ተክሌ አቋቋም የተማረ በአንድ ረድፍ ከቆሙ አካሄዳቸው አይገጥምም፤ መሪጌታው አስቀድሞ በየትኛው እንደሚዘመም ካልወሰነ አንዱ መቋሚያ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ይታያል።

በጥምቀት ሰልፍ የሰንበት ተማሪዎች ሽብሸባ (ከመዝሙሩ ጋር የሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴ) ይታከልበታል፤ መዝሙሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው። የጅማ ጆሮ ለምት እንግዳ አይደለም፤ በመውሊድ ደግሞ የመንዙማው ድቤ ይሰማል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ከበሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚከርምባቸው እነዚህ 55 ቀናት ለጅማ የበልግ ዝናብ የሚጀምርባቸው ናቸው። የትንሣኤ ሌሊት ላይ ከማውረድ ይልቅ በሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ አውርዶ ጠፍሩን መፈተሽ ይሻላል፤ የላላውን ለማጥበቅና ለማድረቅ ቀናት ይፈጃልና።