ስልኩ ትንፋሽ አይቆጥርም

የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ሰምቼ ሰምቼ የሰለቸኝ አንድ አባባል አለ። «አሁንማ ስልክ አላቸው፣ ሁሉንም አፑ ይነግራቸዋል።» በጀት የሚይዙት ይሉታል። ሠልጣኞቹም ይሉታል። አፑ የታመመ ልጅ ሲያዩ ምን መጠየቅና ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚመራቸው የስልክ ፕሮግራም ነው። ወደዚህ አባባል እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ስለ ስልኩ የሚባሉትን ትንንሾቹን ላንሳ።

«ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም።» ይሠራል። በደንብ የተሠራ አፕ መረጃውን ስልኩ ላይ ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የሚያስቸግረው ቻርጅ ነው። መብራት በሌለበት አካባቢ ስልክ ሰጥቶ የሶላር ቻርጀር አለመስጠት ምን ይሉታል?

«ሠራተኛዋ ስልክ ስትነካካ እናቶች ይከፋቸዋል።» ካልተነገራቸው፣ አዎ። «የልጅሽን ሕመም ለመለየት የሚረዳኝ ነው» ብላ ስክሪኑን ካሳየቻቸው ግን አብረው ያነባሉ።

«ለሪፖርት ብቻ ነው።» አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው የዲጂታል ጤና መመሪያ ለጤና ሠራተኞች ውሳኔ የሚያግዝ መሣሪያን ደግፏል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሥራው ሠራተኛዋ ቀድሞውንም እንድትሠራው የተፈቀደላት መሆን አለበት። ሁሉም የሚዘለው ይህችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አፑ ካለ ሥልጠናው ቢያጥርም ችግር የለም ይባላል። አፑ የሚችለውን ልንገራችሁ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት አቅቶት እንደሆነ፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልስ እንደሆነ፣ አንቀጥቅጦት እንደሆነ፣ ራሱን ስቶ እንደሆነ መጠየቅ አይረሳም። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን እንደሚባል አይምታታበትም። የመድኃኒቱን መጠንም ያወጣል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ልጁን አያየውም። የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከአንዲት ጎበዝ ሠራተኛ ጋር ነበርኩ። የ8 ወር ሕፃን፣ ሳል አለው፣ እያለቀሰ ነው። ወረፋው ረጅም ስለነበር 15 ሰከንድ ቆጠረች፣ 13 አገኘች፣ በ4 አባዝታ 52 አስገባች። አፑ ወዲያው የሳንባ ምች ነው ብሎ የአሞክሳሲሊኑን መጠን አወጣላት። እናቱን አጥቢው አልናት። ጠብቶ ጨርሶ ሲረጋጋ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርን፤ 44። በ15 ሰከንድ ቆጠራ አንዲት ትንፋሽ ብትሳሳቱ በደቂቃው ላይ 4 ሆና ነው የምትመጣው፣ ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ አተነፋፈሱ ይፈጥናል።

የባሰውም አለ። አፑ «ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?» ብሎ ሲጠይቅ የልጁን ልብስ ሳይገልጡ «አይ» ብሎ መንካት። እዚህ ላይ ሪፈር መባል ያለበት ልጅ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፕሮግራም የምትመሩ ሰዎች፣ የሥልጠናውን ቀን አትቁረጡ። ሰዓት ይዘው የታመመ ልጅ ላይ ይለማመዱ። መድኃኒቱም ይኑር፤ አፑ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ ስጪ ይላታል፣ ዚንኩ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ነው፣ ሳጥኗ ባዶ ከሆነ ምን ታድርግ? የሚላከውን መረጃም ቁጥሩን ብቻ ደምራችሁ አትለፉት፣ አንብቡት። እኔ መጀመሪያ የማየው የትንፋሽ ቁጥሮቹን ነው። 40፣ 44፣ 48፣ 52 እያለ በ4 የሚካፈል ብቻ ከተደረደረ ሙሉ ደቂቃ እየተቆጠረ አይደለም። በማግስቱ ሠራተኛዋ ጋ ሄጄ አብረን እንቆጥራለን።