በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የጎብኚዎች መጠይቅ አዘገጃጀት

ወደ አንድ ጥብቅ ሥፍራ የሚመጡ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ምን ፈልገው እንደመጡ፣ ምኑ እንደተመቻቸውና ምኑ እንዳስከፋቸው፣ ለሥፍራው ደኅንነት ሲባል የትኛውን ደንብ ወይም ክፍያ እንደሚቀበሉ በአንድ ወጥ መጠይቅ መሰብሰብ የጎብኚዎች ጥናት ይባላል። የባሕር ፓርኮች ለረጅም ጊዜ ሲገለገሉበት ኖረዋል። በካሪቢያን ባሕር የሚገኘው የቦኔር የባሕር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቁሞ፣ በ1992 ጠላቂዎች በዓመት 10 ዶላር እንዲከፍሉ አደረገ። በዚያ ሰሞን ከተጠየቁት ጠላቂዎች ከመቶ 90 የሚበልጡት ዋጋውን እንደሚቀበሉ ተናገሩ፤ ብዙዎቹም እጥፉን ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ። ለጎረቤታችን ኬንያ የማሊንዲና የዋታሙ የባሕር ፓርኮች ከ1968 ጀምሮ አሉ።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም ሐዋሳ ላይ ያለው ጥያቄ ያው ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያወርዳሉ፤ አባ ኮዳዎች ከሰው እግር ሥር አንጀትና ጭንቅላት ይለቅማሉ፤ ጦጣዎች ከልጆች እጅ ይቀበላሉ፤ ጥቂት እልፍ ብሎ የጀልባ ሞተር ይነሳል። ሐይቁ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ ከከተማው በጎርፍ የገባው ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሚዝናናው ሰው የሚያደርገውና የሚቀበለው ነገር ለሐይቁ ህልውና በቀጥታ ይቆጠራል።

ከውጭ የተወሰደ መጠይቅ እዚህ መጀመሪያ የሚወድቀው በቃላቱ ነው፤ በተለይም «ጥበቃ»፣ «መዝናኛ» እና «ጎብኚ» በሚሉት ሦስት ቃላት። «የሐይቁን ጥበቃ እንዴት ያዩታል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚመልሰው ስለ በሩ ዘበኛ ነው፤ ጥበቃ በዕለት ንግግራችን ዩኒፎርም የለበሰው ሰውዬ ነውና። «መዝናኛ» ደግሞ ለብዙዎች ምግብና መጠጥ ያለበት ቤት ነው። ለመዝናናት እንደመጡ ሲጠየቁ፣ ውሃውን እያዩ በጸጥታ የተቀመጡ እናት «ኧረ የለም፣ አየር ልወስድ ነው» ይላሉ፤ መልሳቸውም «አይደለም» ተብሎ ይመዘገባል። «ጎብኚ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሌላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው እንጂ ከመነሃሪያ ወይም ከታቦር ሠፈር ወርዶ በየማታው የሚንሸራሸረውን የሐዋሳ ልጅ አያካትትም። «እኔ ጎብኚ አይደለሁም፣ የዚሁ አገር ሰው ነኝ» ብሎ ያልፋል፤ ጥናቱም ሐይቁን ከሁሉም በላይ የሚጠቀምበትን ሰው ያጣል።

መፍትሔው ቃሉን በድርጊት መተካት ነው። «ዛሬ እዚህ ምን ምን አደረጉ?» ተብሎ ይጠየቅና ዓሣ መብላት፣ በጀልባ መሄድ፣ በእግር መንሸራሸር፣ ወፍ ማየት፣ ፎቶ መነሳት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ አንድ በአንድ ይነበባል። ስለ ጥበቃም «ደንገሉ እንዳይቆረጥ»፣ «ጀልባ ጉማሬ ወዳለበት እንዳይጠጋ»፣ «የዓሣ ተረፈ ምርት ሐይቁ ዳር እንዳይጣል» እየተባለ በስሙ ይጠየቃል። መጠይቁ በአማርኛና በሲዳምኛ ይዘጋጃል፤ አንዱ ከተረጎመው በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ጥያቄው ያልጠራበት ቦታ ነው።

ሁለት ነገር በአንድ ጥያቄ ማጨቅም የተለመደ ስህተት ነው። «በዳርቻው ንጽሕናና ሰላም ረክተዋል?» ሲባል ንጽሕናው አስከፍቶት ሰላሙ የተመቸው ሰው የሚመልሰው የለውም። ከዚህ የሚብሰው ግን ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሰው ወረቀት ይዞ ሲጠይቅ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጨዋነት ስለሆነ፣ «ሐይቁ ሊጠበቅ ይገባል?» የሚል ጥያቄ ሁሉንም «አዎ» ያሰኛል፤ ምንም አያሳውቅም። የሚያሳውቀው ምርጫ ነው፦ የጀልባ ቁጥር ተገድቦ ግማሽ ሰዓት ወረፋ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ሳይጠብቁ እንዳሁኑ መቀጠል? መጨናነቅን ለመለካት ከ1 (ፈጽሞ አልተጨናነቀም) እስከ 9 (እጅግ ተጨናንቋል) ያለው መለኪያ ይሠራል፤ 3 እና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው መጨናነቅ እንደተሰማው ይቆጠራል። ከቁጥሩ ይልቅ ሥዕል ለሚቀለው ሰው፣ አንድ ዓይነት ዳርቻ በ5 ወይም 6 ፎቶ የሰውና የጀልባ ብዛት እየጨመረ ታይቶ «ከየትኛው በኋላ ነው የሚያስጠላዎት?» ይባላል።

ስንት ሰው ይጠየቅ ለሚለው የተለመደው ስሌት 384 ነው፤ ይህም ከመቶ 95 እርግጠኝነትና ከ5 በመቶ ያልበለጠ ስህተት ይሰጣል። ከመቶ 10 ያህሉ ጀምረው ያቋርጣሉ ቢባል 427 ሰው ይቀረባል። ነገር ግን ቁጥሩ ለጠቅላላው ብቻ ነው። ከ400 ሰው ውስጥ ከሐዋሳ ውጭ የመጡት 80 ቢሆኑ ስለእነሱ ብቻ የሚነገረው ቃል ስህተቱ ወደ 11 በመቶ ያድጋል። ሁለቱን ወገን ማወዳደር የፈለገ ከየወገኑ ቢያንስ 200 ይያዝ፤ ያኔም ስህተቱ 7 በመቶ ያህል ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ቀኑና ሰዓቱ ይበልጣል። የሥራ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓል ተለያይተው ይመደቡ፤ በየቀኑም የጠዋትና የማታ ፈረቃ ይኑር። ሐምሌና ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ እነዚያን ቀናት ብቻ የጠየቀ ስለ ንግሥ እንጂ ስለ ሐይቁ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥና አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሚወስኑት፣ መርሐ ግብሩ በዓሉ በሐዋሳ በጉዱማሌ አደባባይ ለሚከበርበት ቀን ክፍት ቦታ ይተው።

ጠያቂው የሚቆመው መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። ሲገቡ ያልተደረገ ነገር አይጠየቅም፤ ወንበር ለወንበር እየዞሩ መጠየቅም ረጅም ሰዓት የሚቀመጡትን ያበዛል። በ4 ሰዓት ፈረቃ 300 ቡድን ይወጣል ተብሎ ከታሰበና 12 መጠይቅ ከተፈለገ በየ25ኛው ቡድን ይቆማል፤ የሳቀለትን ሰው መምረጥ ክልክል ነው። ከቡድኑ ውስጥ የሚመልሰውን ለመለየት «ልደትዎ ቅርብ የሆነ» የሚለው የውጭ ዘዴ እዚህ አይሄድም፤ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሰው ብዙ ነውና። የተቆጠረ ብጣሽ ወረቀት ማስመዘዝ ይሻላል። አለዚያ ሁልጊዜ የሚመልሰው አባወራው ወይም ከሁሉ የተማረው ይሆናል።

አቀራረቡ አጭር ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ወደዚህ የመጡ ሰዎችን ስለ ሐይቁ ዳርቻ እየጠየቅን ነው፤ 8 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ስምዎን አልጽፍም፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ።» ስምና ስልክ ያለ ምክንያት መሰብሰብ ሰውን ያስፈራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም ኃላፊነት ያመጣል። እምቢ ያለም ቢሆን ጾታው፣ በግምት ዕድሜውና ሰዓቱ ይመዝገብ።

ክፍያ የሚጠይቀው ክፍል ከሁሉ ይከብዳል። «ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ባዶ መተው የዘፈቀደ ቁጥር ያመጣል። መጠይቁ አስቀድሞ ሲሞከር ከ30 ሰው የተሰሙትን መጠኖች ይዞ ለእያንዳንዱ ሰው አንዱን ብቻ፣ በዕጣ፣ «የመግቢያ ቲኬቱ በዚህን ያህል ብር ቢጨምርና ገንዘቡ ለዳርቻው ጽዳት ብቻ ቢውል ይከፍላሉ?» ማለት ይሻላል። «አልከፍልም» ያለውን ለምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው፤ ሐይቁ ለእሱ ምንም አይደለም ማለቱና ገንዘቡ በቦታው አይደርስም ማለቱ አንድ አይደሉም።

በታብሌት ሲሞላ የሰዓት ነገር ይታሰብበት። ጠያቂው 10:00 ብሎ ሲጽፍ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ተንታኙ ግን የጠዋት 4 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ጠዋትና ማታ ይገለባበጣል። ታብሌቱ ራሱ እንዲመዘግብ ይደረግ። «ባለፉት 12 ወራት» ከሚባልም «ካለፈው ጥምቀት ወዲህ» ሲባል ሰው በደንብ ያስታውሳል።

መልሱ ከገባ በኋላ ክብደት ይሰጣል፤ በየቀኑ የሚመጣ ሰው በወር አንዴ ከሚመጣው 30 እጥፍ የመጠየቅ ዕድል ስላለው መልሱ ለ30 ይካፈላል። ከመጠይቁ ጎን ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠር፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ለጦጣ ምግብ ሰጠ፣ ስንት የውሃ ፕላስቲክ ከድንጋዩ ሥር ተጣለ። ያንኑ ሰዓት መውጫው ላይ «ለጦጣ አልሰጠሁም» ያሉት ቁጥር ከቆጣሪው ሉህ ጎን ሲቀመጥ፣ የትኛው መልስ በይሉኝታ እንደተሰጠ ይለያል።