የአዝማሪ ጨዋታ በገበያ

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ፣ አዝማሪ በገበያ ቀን መሲንቆውን ይዞ በሰው መሃል እየተዘዋወረ ይጫወታል። ስለ አዝማሪ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ሠርግና ስለ ከተማ አዝማሪ ቤት ነው። ገበሬውና ነጋዴው እኩል ቆመው የሚሰሙት ግን ገበያ ላይ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጣ የክብር ቃል ነው፤ በኋላ እንደ ስድብ መያዙ ግፍ ነው።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ አዝማሪዎችን በማፍራት የታወቀች መንደር ናት። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት ቋንቋም ስላላቸው አድማጭ ፊት ቆመው ይመካከሩበታል።

መሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው። ክሩም የደጋኑም ገመድ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራው እንዳያሟልጭ ዕጣን ይታሻል። በቆዳ ከተለበጠው ሳጥን የሚወጣው ድምፅ የገበያን ጫጫታ አልፎ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ አዝማሪው ወደ ሰው መጠጋት ግድ ይለዋል። አንዱን ሸማች ከሩቅ ያያል፣ ስሙንና አገሩን ከጎኑ ካለው ሰው በጆሮ ይጠይቃል፣ ከዚያ ፊቱ ቆሞ በስሙ ያወድሰዋል። ጨው ነጋዴ ከሆነ «ጨው» ብሎ ጀምሮ «ጨዋ» ላይ ያሳርፈዋል። የተወደሰውም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ ይዘፍነዋል። ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል።

ወሎ የቅኝት፣ ማለትም የዜማ ስልት፣ አገር ናት። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት በባቲ ሰኞ ገበያ ይቆማል፤ ባቲ የሚባለው ቅኝት ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። አምባሰል የሚባለው ቅኝትም ስሙ የወሎ አገር ስም ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ የሚያዜሙት ላሊበሎች ግን ከአዝማሪ የተለዩ ናቸው።

ገበያ የወሬ አገርም ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ አዋጅ የሚነገረው እዚያው ነው፤ አዝማሪው ደግሞ አዋጁ የማይለውን በሰምና ወርቅ ያደርሳል። በአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ሲያነሳሳ በዚያው አካባቢ፣ በምኒልክ አደባባይ፣ ከንግግሩ ጋር አዝማሪዎችን ያሰማ ነበር። ጠላትም ይህን ጉልበት አልናቀም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከጠንቋዮችና ከተንባዮች ጋር አዝማሪዎችም ሕዝብ ያሸብራሉ ተብለው እንዲገደሉ ታዘዘ። መሲንቆ ከመያዝ ሌላ የጦር መሣሪያ ያልነበራቸው ሰዎች በዚህ ትእዛዝ ሞተዋል፤ ከአርበኛ ተለይተው መቆጠር የለባቸውም። የአራዳውንም ገበያ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አደከመው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች በዙ፤ ከየገጠሩ የመጡ ጎበዞች ወደዚያ ሄዱ። በብዙ ገበያ አሁን ቀድሞ የሚሰማው ሞንታርቦ ነው። ያም ሆኖ አዝማሪው በጆሮ ሊሰማ እስኪችል ድረስ ይጠጋል። ሁዳዴ ሲገባ መሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ፋሲካ ሲያልፍ አውርደው ጭራውን አጥብቀው ዕጣን ያሹታል።