ፍላሽ ድሮው ምንድን ነው? አንዲት ልብ ስንት ታወጣለች?

ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ባለ አንድ ግቢ ፖከር እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፣ በጥሬ ቡና ነው። መጀመሪያ በተቆላ ሽምብራ ሞክረን ነበር፤ ጨዋታው ግማሽ ሳይደርስ ተበልቶ አለቀ። ጥሬ ቡና የሚቆረጥም ሰው ስለሌለ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ከዚያ የተሸነፈ ይቆላል፣ ሁላችንም እንጠጣለን።

ከዚህ ቡና አብዛኛውን ያስበላን አንድ ነገር ነው። ፍላሽ ድሮው።

የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። መሃል ላይ አምስት ካርታ ለሁሉም ይገለጣል፦ መጀመሪያ ሦስት በአንዴ (ፍሎፕ)፣ ቀጥሎ አንድ (ተርን)፣ በመጨረሻ አንድ (ሪቨር)። ከሰባቱ ምርጥ አምስት የያዘ ይበላል። አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ፍላሽ ይባላል፣ ጠንካራ እጅ ነው። ፍላሽ ድሮው ማለት አራቱ ተገኝተው አንዱ ሲቀር ነው። ለምሳሌ እጃችሁ ላይ የልብ አስ እና የልብ 7 አለ። ፍሎፑ ላይ የልብ ኪንግ፣ የልብ 9 እና ሌላ ምልክት ያለው 2 ወጣ። አንድ ልብ ብቻ ጎደለ።

ይህች አንድ ካርታ ናት ሰው የምታሳብደው። አራት ልብ ተደርድሮ ሲታይ ያለቀ ይመስላል። ካልመጣች ግን አራቱ ልብ ምንም አይደለም፣ ጥንድ 2 የያዘ ሰው እንኳን ይበላችኋል።

እስቲ እንቁጠር። በካርታው ውስጥ 13 ልብ አለ። አራቱን አይታችኋል፣ 9 ቀረ። ከ52 ካርታ አምስቱን ስላያችሁ ያላያችሁት 47 ነው። ስለዚህ ተርን ላይ ልብ የመምጣት ዕድሏ 9 ለ47፣ ማለትም 19 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት ጊዜ አንዴ በሉት። ሁለቱንም ካርታ፣ ተርኑንም ሪቨሩንም ካያችሁ ደግሞ 35 በመቶ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ማካፈል ለማይመቸው አቋራጭ አለ፦ የቀሩትን ካርታዎች ለአንድ ካርታ በ2፣ ለሁለት ካርታ በ4 ማባዛት። 9 በ2፣ 18። 9 በ4፣ 36። በቂ ነው።

«አራት ጊዜ አልመጣልኝም፣ አሁንስ ተራዬ ነው» የሚል ጓደኛ አለን። ካርታው ግን ያለፈውን አያስታውስም። በየጊዜው ያው 9 ለ47 ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዋጋው። አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲበለት ከብበው የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ለመጠበቃቸው ክፍያ የሚጠይቃቸው የለም። እዚህ ጨዋታ ላይ መጠበቅ ያስከፍላል። መሃል 60 ፍሬ ቡና አለ እንበል። ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው 30 አስያዘ። 90 ሆነ። እናንተ 30 ከፍላችሁ በ120 ፖት (መሃል የተከማቸው ቡና) ላይ ትወዳደራላችሁ፣ 30 የ120 ሩብ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልጋችኋል። ለቀጣዩ ካርታ ያላችሁ 19 ነው። ውድ ነው። ያስያዘው 15 ቢሆን ኖሮ ግን 15 ለ90፣ 17 በመቶ ገደማ ብቻ ይበቃል። ያኔ ኮል ማድረግ፣ ማለትም ያስያዘውን ያህል ከፍሎ መቀጠል ነው።

«35 በመቶ አለኝ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ለረጅም ጊዜ እዚህ ላይ ነበር የምሳሳተው። 35 የሚሠራው ሁለቱንም ካርታ በዚያው ክፍያ ስታዩ ነው፣ ለምሳሌ ሰውየው ያለውን ሁሉ ሲያስይዝ። መሃል 60 እያለ የቀረችውን 60 ከገፋ፣ 60 ከፍላችሁ ለ180 ትጫወታላችሁ፣ 33 በመቶ ይበቃል። ያላችሁ 35 ነው፣ ለጥቂት ያዋጣል። ገና የሚያስይዘው ካለው ግን ተርን ላይ እንደገና ያስከፍላችኋል። የከፈላችሁት ለአንድ ካርታ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ውድ በሆነ ቁጥር ይጣል? ሁልጊዜ አይደለም። ልቧ ከመጣች በኋላ ከሰውየው የምትቀበሉት ቡናም ይቆጠራል። ያንኑ 30 ኮል አድርጋችሁ 47 ጊዜ ተጫወታችሁ እንበል። 38ቱን ጊዜ 30 ፍሬ ታጣላችሁ፣ 1140 ነው። 9ኙን ጊዜ 90 ታገኛላችሁ፣ 810 ነው። 330 ጎደለ። ለ9 ስታካፍሉት፣ ልብ በመጣች ቁጥር ሰውየው በአማካይ 37 ፍሬ ገደማ ተጨማሪ ለእናንተ ካልከፈለ ኪሳራ ነው። ይከፍላል ወይ? ችግሩ ሦስተኛዋ ልብ መሃል ላይ ስትገለጥ ሁሉም ሰው ያያታል። ትንሽ የሚያስብ ሰው እጁን ይሰበስባል።

ከዚህ የባሰም አለ። የልብ 5 እና 4 ይዤ ፍላሽ ደረሰልኝ። እንደ ሠርገኛ ደስ ብሎኝ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። የአክስቴ ልጅ ሳይቸኩል ኩዊንና 8 ገለጠ። ሁለቱም ልብ። እሱም ያችኑ ካርታ እየጠበቀ ነበር ለካ። ቡናውን እኔ ቆላሁ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው። ትንሽ ፍላሽ ሲደርስም ሊያስከፍል ይችላል፣ በተለይ ብዙ ሰው ፖት ውስጥ ካለ። እጃችሁ ላይ አስ ያለበት ድሮው ሲደርስ ግን ሌላ ተራ ፍላሽ አይበልጠውም። መሃል ላይ ጥንድ ከወጣ ለአስም ቢሆን ተጠንቀቁ፣ ፉል ሀውስ (ሦስት አንድ ዓይነት ካርታ ከጥንድ ጋር) ፍላሽን ይበላል።

እስካሁን የምንከፍለው እኛ ነበርን። ራሳችሁ ብታስይዙስ? ሴሚ ብለፍ የሚሉት ይሄንን ነው። መሃል 60 እያለ 40 አስያዛችሁ። ሰውየው ካርታውን ከጣለ 60ውን ያለ ልብ ወሰዳችሁ። ኮል ካደረገም ያችው ከአምስት አንዷ ዕድል አብራችሁ አለች። ምንም የሌለው ሰው በዚህ ዋጋ ቢዋሽ፣ እንዲያዋጣው ሌሎቹ ከ10 ጊዜ 4ቱን መጣል አለባቸው። ድሮው ያለው ሰው ከዚያ ባነሰም ያዋጣዋል። እኔ ፍላሽ ድሮውን መውደድ የጀመርኩት ይህ ከገባኝ በኋላ ነው። በተለይ መጨረሻ ላይ የምትናገሩ ከሆነ፣ ሌሎቹ ቼክ ሲሉ (ምንም ሳያስይዙ ሲያሳልፉ) አይታችሁ ትገፋላችሁ፣ ወይም እናንተም ቼክ ብላችሁ ካርታዋን በነፃ ታያላችሁ።

ፍላሽ ድሮውን ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር) ከሚጠብቅ እጅ ጋር ካዳበላችሁ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። እጃችሁ የልብ 8 እና 7፣ ፍሎፑ የልብ 9፣ የልብ 2 እና ሌላ ምልክት ያለው 6 ከሆነ፣ 9 ልብ ሲደመር ልብ ያልሆኑ ሦስት 10 እና ሦስት 5፣ በጠቅላላው 15 ካርታ ያድናችኋል። እስከ ሪቨር 54 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

አንድ ሰው ላይ ግን ሴሚ ብለፍ አልሞክርም። ከእኛ መሃል ካርታ መጣል የማይሆንለት አንድ አለ። ምንም ቢያስይዙበት «እስቲ ልየው» ይላል። እሱ ሲኖር በርካሽ እጠብቃለሁ፣ ልቧ ካልመጣች ዝም ብዬ እጥላለሁ። ከመጣች ግን ያለ ይሉኝታ አስይዛለሁ። እስቲ ልየው ይላል። ይከፍላል።